በትልቁ መደብር ደጅ የጎለትኩት ጉልቻ

ስለት የሚሳል ሰው ቃሉን ቢያሳጥር ይሻለዋል። እኔ በዘመኔ ብዙ የተናገርኩበት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስለት የተሳልኩበት ቀን ነው። ያን ዕለት ያስረዘምኩት ቃል ከዓመታት በኋላ ያመጣብኝን ጣጣ ላጫውታችሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥቼ ኖርኩ። አንድ የግንቦት ልደታ ዕለት፣ ጎረቤቶቼ ከሰፈራችን ሜዳ ሾላ ሥር ሰብሰብ ብለው እንደ ልማዳችን ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ጭሱ ያስለቀሰኝ መስዬ አለቀስኩና እመቤቴን ለመንኳት። «ልጅ ከሰጠሽኝ በየዓመቱ በልደትሽ ቀን ንፍሮ እቀቅላለሁ» ብል ይበቃ ነበር። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን እንዳልረሳ ብዬ አድራሻ ጨመርኩ። «እዚሁ ቦታ ላይ፣ በሦስት ጉልቻ፣ ጎረቤቱን ሰብስቤ» አልኩ። በዓመቱ ትዕግሥት ተወለደች። ተመስገን። እመቤቴ የእሷን ድርሻ በአንድ ልጅ ጨረሰች። የእኔ ድርሻ ግን በየዓመቱ የሚጠብቀኝ ሆነ፤ ከነአድራሻው።

አድራሻው ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ቦታ አልነበረም። ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሜዳ ነው። ትልልቆቹ እንደሚሉት መጀመሪያ የከብት ማሳረፊያ ነበር። ለሰንጋ ተራ የሚነዱ በሬዎች ሾላው ሥር አድረው ጠዋት ወደ ገበያ ይወሰዱ ነበር። እኔ ስደርስ በሬዎቹ ቀርተው ሽታቸው ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ገዛውና ፎቅ ጀመረበት። በአዲስ አበባ ያልታየ መደብር እሠራለሁ፤ ሰው በአንዱ በር ገብቶ ከመርፌ እስከ አልጋ ይገዛና በሌላው በር ይወጣል ይል ነበር አሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደደረሰ ትርፍ ቤት የሚወርሰው አዋጅ መጣ። ነጋዴውም ባላሰበው በር ወጣ።

ሕንፃው የሕዝብ ሆነ ተባለ። ወዲያው በቆርቆሮ ታጠረና ሕዝብ እንዳይገባበት ተከለከለ። እንዲህ ተገትሮ ዓመታት ቆየ። ለእኔ ግን በጀኝ። ዘበኛው ደግ ሰው ስለነበር የልደታ ዕለት አንዱን ቆርቆሮ ገለጥ ያደርግልናል። ገብተን ሾላው ሥር ንፍሯችንን ቀቅለን፣ ለእሱም በቆቡ ሰጥተነው እንወጣለን። ስለቴ አንድም ዓመት አልተጓደለም።

ትዕግሥት ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት ግን ሕንፃው አለቀ። ሦስተኛ ፎቅ ተጨመረለት፣ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ሪባን ተቆረጠለት። ሾላውም ተቆረጠ። ደጁ ሰፋ ብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ። ዛሬ ያ ሕንፃ ራሱ ፈርሶ በመስታወት የተለበጠ የገበያ ማዕከል ሆኗል፤ የልጅ ልጆቼ የሚንቀሳቀሰውን ደረጃ ሊወጡበት ይሄዳሉ። እኔ የማወራው ስለ ያኛው ነው። በዚያኛው የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። በአንደኛው ፎቅ የሳሙና ማስቀመጫ ይሸጥ ነበር፤ ቢጫ፣ ፕላስቲክ፣ ክዳን ያለው። ሳሙና አልነበረም። በሁለተኛው ፎቅ የጫማ ቀለም ይሸጥ ነበር። ጫማ አልነበረም። በሦስተኛው ፎቅ ሥራ አስኪያጁ ነበሩ።

ልደታ ሲቃረብ ጎረቤቶቼ ዘንድሮ ንፍሮው ከእትዬ ዘነበች ግቢ ይቀቀል አሉ። እትዬ ዘነበች በዕድሜም በአንደበትም የሰፈራችን ታላቅ ናቸው። «እመቤታችን ፎቁ ሲሠራ አይታለች፤ ምን አዲስ ነገር ትነግሪያታለሽ?» አሉኝ። ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እሱ ደግሞ የቦታ ለውጥ እንዲፈቀድልኝ ማመልከቻ ላርቅቅልሽ አለኝ። መቀለዱን ያወቅሁት ሲስቅ ነው።

እኔ ግን ልጄን ያገኘሁት በዚያ ቃል ነው። ቃሉን ባጎድል ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ለማወቅም አልፈለግሁም። በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት ትዕግሥትን ሳል ያዛት። ሳሉ ትንሽ ነበር። ሐኪም ቢያየው ጉንፋን ይለዋል። ለእኔ ግን ማስታወሻ የተላከልኝ መሰለኝ። እትዬ ዘነበችንና ጎረቤቶቼን ለምኜ ንፍሮው እዚያው ቦታ እንዲቀቀል አስማማሁ።

ስለዚህ የልደታ ዕለት፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ሦስት ድንጋዮች በዘንቢል ይዤ ወጣሁ። ሾላው የነበረበትን ከመንገዱ ጥግ ተነሥቼ በእርምጃ ለካሁት። ልክ ከመደብሩ ትልቅ በር ፊት ለፊት ወደቀ። ድንጋዮቹን ጎለትኩ፣ አማተብኩ፣ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ።

ስህተቴ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ያልኖረ ሰው ስህተቱ የቱ ጋ ነው ይል ይሆናል። በዚያ ዘመን በሱቅ ደጅ የተቀመጠ ድንጋይ ድንጋይ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ሌሊት መውጣት ክልክል ስለሆነ፣ ነገ ስኳር ይመጣል ከተባለ ሰው ማታውን ድንጋዩን አሰልፎ ይገባል። ጠዋት መጥቶ ድንጋዩ ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። ድንጋይ ያጣ ጣሳ ያስቀምጣል፣ ጣሳ ያጣ ያረጀ ቁና። የሌላውን ድንጋይ ማንሳት ትልቅ ነውር ነበር። ሰው በሰው ላይ ብዙ ባደረገበት በዚያ ዘመን፣ የሰው ድንጋይ የነካ ሰው ግን አላየሁም።

ቅዳሴው ተፈጽሞ ስመለስ ከሦስቱ ድንጋዮቼ ኋላ አንድ ጣሳ ነበር። ከጣሳው ኋላ ጡብ፣ ከጡቡ ኋላ ሰው፣ ከሰውየው ኋላ ደግሞ ዓይኔ እስከሚያይበት ሰው ነበር። ሰልፉ የመደብሩን ግድግዳ ታኮ ሄዶ በማዕዘኑ ይታጠፋል።

የጣሳው ባለቤት ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ፣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ጣሳና ጠርሙስ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ከዚያ ቀን በፊት አንተዋወቅም። ድንጋዮቹ አጠገብ ስቆም ሲያዩኝ ደስ አላቸው።

«እንኳን መጡ እናቴ፤ ድንጋዮችዎን ስጠብቅልዎት ነው ያረፈድኩት። አንዱ ጎረምሳ አልፎ ሊገባ ነበር፤ ሦስት ሰው አለ ብዬ መለስኩት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። «ግን ወረፋ አይደለም። ጉልቻ ነው።»

ጋሽ ሸምሱ ግራና ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ገባኝ። ከእኔ አይወጣም።»

በዚያ ጊዜ ምንም የለም የሚል ሰው ማለት ስኳሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ማለት ነበር። ሦስቱ ድንጋዮች ተርታቸውን ትተው ለምን ክብ እንደሠሩ ጠይቃቸው መሰለኝ፣ ከኋላቸው ላለችው ሴት «ቤተሰብ ናቸው» ሲሉ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ድንጋይ ላነሳ ስል ሰልፉ ጸጥ አለ። ፊተኛዋ ሴት ድንጋይዋን ካነሳች ወይ በሩ ሊከፈት ነው፣ ወይ ዕቃው ቀርቷል። ሁለቱንም ማወጅ አልቻልኩም። ድንጋዩን መልሼ አስቀመጥኩት። ሰዉ ተነፈሰ።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ ዘነበች የተነከረውን ስንዴና ባቄላ በድስት ይዘው፣ አንድ ሸክም ጭራሮ አዝለው መጡ። ሰባት ጎረቤቶቻችን አብረዋቸው መምጣት ነበረባቸው። የሉም።

«የት ሄዱ?» አልኳቸው።

«ሰልፉን ሲያዩ ከጅራቱ ገቡ» አሉ። «ምንድን ነው የሚሸጠው?»

«ምንም። የእኔ ጉልቻ ነው።»

እትዬ ዘነበች ድንጋዮቹን አዩ፤ ሰልፉን አዩ፤ እኔን አዩ። «አንቺ አትናገሪም አትናገሪምና አንድ ቀን አገር ታሰልፊያለሽ ብዬ ነበር። ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው።»

«እንግዲያው አንድጂው። እሳት ሲያዩ ይገባቸዋል።»

አነደድኩት። ድስቱን ጣድን። ለሰዉም ገባው፤ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች ሴት ልምድ አላት፣ ምሳዋን እዚሁ ልትሠራ ነው፣ ስለዚህ ዕቃው የሚሰጠው ከሰዓት ነው ተባለ። ወዲያው አንዱ ዱካ አስመጣ፣ አንዷ እንዝርቷን አወጣች፣ ሌላው ቤቱ ላከና ምሳ በሰሃን መጣለት። የሚያልፈው ሰው ሰልፈኛው መደላደሉን ሲያይ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ይቆማል። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ መሰለፍ ነው፤ መጠየቅ ከኋላ ይደረስበታል።

ወሬው ከኋላ ወደ ፊት ይመጣል። ስኳር ነው ተባለ። ቀጥሎ አቡጀዲ ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ አምስት ሜትር። ቀጥሎ ላምባ ነው ተባለና ሰው ጠርሙስ ፍለጋ ጋሽ ሸምሱን ከበባቸው። ወሬው እኔ ዘንድ ደርሶ ያቆምና ሁሉም ፊቴን ያያል። እኔ ንፍሮዬን አማስላለሁ። ዝም ማለቴ ለእያንዳንዱ ወሬ ማረጋገጫ ሆነ።

አሁን የምነግራችሁን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ረፋዱ ላይ እኔም ተጠራጠርኩ። ድንጋዮቹን የጎለትኳቸው እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ነገር ግን ይህን የሚያህል ሰው አይሳሳትም አልኩ በልቤ። እኔ ሳላውቀው ስኳር በሚመጣበት ቀን ጎልቼ ቢሆንስ? እመቤቴ ለአገልጋይዋ አስባ ቢሆንስ? ትዕግሥት ሻይዋን በጨው መጠጣት ከጀመረች ወራት አልፈዋል።

«እትዬ» አልኩ፣ «ድስቱን ይጠብቁልኝ፤ ደርሼ ልምጣ።»

«የት?»

«ካርዴን ላምጣ።»

«የምን ካርድ?»

«የቀበሌውን። ምናልባት።»

እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡ። «የእኔንም ይዘሽ ነይ። ትራሴ ሥር ነው።»

ቤት ስደርስ ትዕግሥት ከአባቷ ጋር ተቀምጣ ትስላለች። ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩስ አይደለም። ባለቤቴ ንፍሮው ደረሰ ወይ ሲለኝ እየደረሰ ነው አልኩና ካርዱን ከመሶቡ ሥር መዝዤ ወጣሁ። የእትዬ ዘነበችንም ጨመርኩ። ለስለት ወጥታ በእጇ ሁለት የራሽን ካርድ ይዛ የምትሮጥ ሴት መሆኔን ያስተዋልኩት መንገድ ላይ ነው። አፈርኩ። ቆሜ አማተብኩ። ካርዶቹን ግን አልመለስኳቸውም።

በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ሰልፉን አይተውታል። በኋላ ዘበኛው እንደነገረን፣ የበላይ መሥሪያ ቤት ዕቃ ልኮ ለእሳቸው ሳይነግራቸው ቀርቶ እንደሆነ ፈርተው ስልክ ደወሉ። የበላዩም ሰው የበታቹ የሚያውቀውን አላውቅም ማለት ከብዶት «በተሰጠው መመሪያ መሠረት አከፋፍል» ብሎ ዘጋ። ሥራ አስኪያጁ መመሪያውን በመሳቢያቸው ሁሉ ፈልገው አጡት። ከዚያ ለጸጥታው የቀበሌውን ሊቀመንበር አስጠሩ።

ሊቀመንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትለው መጡ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ቀበሌያቸውን የሚመሩት እንደ ጠባብ ጫማ ነው፤ እየቆረቆራቸው፣ ግን ሳያወልቁ። እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱት። የቀበሌ ሊቀመንበር በቀበሌው የሚታደለውን አላውቅም ማለት አይችልም። የመደብር ሥራ አስኪያጅም በመደብሩ የሚሸጠውን አላውቅም ማለት አይችልም። ሁለቱ ደረጃው ላይ ተገናኝተው ተጨባበጡ።

«ዝግጅቱ እንዴት ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«በመልካም ሁኔታ ላይ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ሁለቱም ፈገግ አሉ። የሁለቱም ግንባር ግን በላብ ረጥቦ ነበር።

ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሰልፉ ጎን ተመላለሱ። «ተራችሁን ጠብቁ፤ ለሁሉም ይዳረሳል» እያሉ ሄዱና ተመለሱ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ድስቱን እንደሚመረምር ሰው ቁጢጥ አሉ። ፊተኛዋ ታውቃለች ብለው ነው።

«ጓዲት፣ ሰልፉን የጀመርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ጓድ በይኝ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ይህን ተዉና «ማን ነገረሽ?» አሉ።

በዚያ ዘመን ከዚህ የከፋ ጥያቄ አልነበረም። ሰው ነገረኝ ካልኩ ሰውየውን አምጪ እባላለሁ። ማንም አልነገረኝም ካልኩ ሁለት ሦስት መቶ ሰው አለፈቃድ ያሰባሰብኩ እኔ ነኝ። ሰልፍ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ድግስ ግን ይጠየቅበታል። የስለት ድግስ ደግሞ ከመንግሥት መደብር ደጅ። ዳዊት ልደግም በልቤ ጀመርኩና ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋብኝ። ትዕግሥት ታወሰችኝ። ካሰሩኝ ማን ያስተኛታል አልኩ። ከዚያ በእመቤቴ ልደት ቀን፣ በስለቷ ቦታ መዋሸቱን ፈራሁ።

«ማንም አልነገረኝም» አልኩ። «ለልጄ ለእመቤቴ ተስዬ ነው። ንፍሮ ነው።»

ሊቀመንበሩ ድስቱን አዩ። ባቄላው ገና እየተንፈቀፈቀ ነው። ቀጥለው ሰልፉን አዩ። ማዕዘኑን አልፎ የት እንደደረሰ ከተቀመጡበት አይታያቸውም።

«ይህ ሁሉ?» አሉ።

«እኔ የጎለትኩት ሦስት ድንጋይ ብቻ ነው።»

እኔን ቢያስሩ፣ ሦስት ድንጋይ እንዴት ቀበሌውን እንዳሰለፈና እሳቸው እስከ ረፋድ እንዴት ሳያውቁ እንደቀሩ በሪፖርት መጻፍ አለባቸው። ሰዉን ቢበትኑ፣ አራት ሰዓት የቆመ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ የሕዝብ መደብር ደግሞ ከተከፈተ ገና ወሩ ነው። እትዬ ዘነበች ጎንበስ አሉና፣ «ጨው ትንሽ ይቀረዋል፤ ይቅመሱልን» ብለው በጭልፋ አቀረቡላቸው። ሊቀመንበሩ ሳያስቡት ቀመሱ። ሰልፉ ሁሉ ሲቀምሱ አየ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም።

ተነሡና ሱሪያቸውን አራገፉ። «ዛሬ የሚታደለው ንፍሮ ነው» አሉ በስብሰባ ድምፃቸው። «ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጭልፋ። ካርዳችሁን አዘጋጁ።»

ሰዉ ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሁለቱም አልሆነም። ካርድ የሚፈለግበት የኪስና የመቀነት ድምፅ ብቻ ተሰማ። አራት ሰዓት የቆመ ሰው የሚሰጠውን ይቀበላል እንጂ አይመርጥም።

«እኔ አላልኩም?» አሉ ጋሽ ሸምሱ ወደ ኋላ ዞረው። «እኚህ እናት ከጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር።»

መያዣ ዕቃ ግን አልነበረም። ስኳር የጠበቀ ከረጢት ይዟል፣ ላምባ የጠበቀ ጠርሙስ ይዟል፣ ትኩስ ንፍሮ በጠርሙስ አይገባም። የሥራ አስኪያጁ ፊት የበራው ያን ጊዜ ነው። የመደብሩን በር ወለል አድርገው ከፈቱና ቢጫውን የሳሙና ማስቀመጫ ለሽያጭ አስወጡ። ክዳን አለው፣ ትኩስ ይይዛል፣ ልኩ አንድ ጭልፋ ነው። ከአንደኛው ፎቅ መደርደሪያ አንድም አልተረፈም። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሏቸው የጫማ ቀለሙንም አስወጥተው ነበር፤ ለእሱ ሰበብ አልተገኘለትም።

ሊቀመንበሩ ማኅተማቸውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ፊተኛዋ እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ የእኔ ካርድ ተመታ፤ «ወስዳለች» ተብሎ። ቀጥሎ የእትዬ ዘነበች። ቀጥሎ ጋሽ ሸምሱ ቀረቡና በማስቀመጫቸው ሞላሁላቸው።

«እናቴ፣ ለማን የተሳሉት ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ለልጄ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቼ ያገኘኋት።»

«ስሟ?»

«ትዕግሥት።»

«ቢስሚላሂ» አሉና አንድ ፍሬ ጎረሱ። «ትዕግሥትን አላህ ያሳድግልዎ።»

ከኋላቸው ያለችው ሴት ሰማች። ተራዋ ሲደርስ ካርዷን ዘርግታ «ትዕግሥት ትደግልሽ» አለችኝ። ቀጥሎ የመጣው ሽማግሌም እንዲሁ። ሰው እህል ሲቀበል መመረቅ ልማዱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ስሟ ከንፍሮው ቀድሞ ወደ ኋላ ሄደ። ማዕዘኑን ከታጠፉት በኩል፣ እኔን አይተውኝ የማያውቁ፣ ንፍሮውንም ያላዩ ሰዎች «ትደግ፣ ትደግ» ሲሉ ይሰማኝ ነበር። ጭሱ አስለቀሰኝ። የዚያን ዕለት ግን እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል።

ድስቱ ለስምንት ቤተሰብ የታሰበ ነው። ሠላሳኛው ሰው ላይ ሊቀመንበሩ «ግማሽ ጭልፋ» አሉ። ስድሳኛው ላይ «አንድ ማንኪያ»። ከዚያ «ለአንድ ሰው ሰባት ፍሬ» ተባለና አንዱ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ባቄላ መቁጠር ያዘ። እኔ ጌታችን አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ እንዳበረከተው ይበረክታል ብዬ በልቤ ጠብቄ ነበር። አልበረከተም። ከማዕዘኑ ሳይደርስ አለቀ። እትዬ ዘነበች ድስቱን ገልብጠው አሳዩ።

«ለዛሬ አብቅቷል» አሉ ሊቀመንበሩ። «ያልደረሳችሁ በሚቀጥለው ዙር ትስተናገዳላችሁ።»

ሰዉ ድንጋዩንና ጣሳውን አነሣ፣ ቢጫ ማስቀመጫውን ብብቱ ከተተ፣ ሄደ። መጨረሻ የቀሩት ሊቀመንበሩ ናቸው። በሚመጣው ዓመት አስቀድሜ እንድነግራቸው በቀስታ አዘዙኝ። ከዚያ ሄዱ። አልታሰርኩም። ተመስገን።

ጭንቀቴ የጀመረው ግን ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ቃሌን በጣቴ ቆጠርኩት። ቦታው ሞልቷል። ጉልቻው ሞልቷል። «ጎረቤቱን ሰብስቤ» ያልኩት ግን አልሞላም። ሰባቱ ጎረቤቶቼ ከጅራቱ ስለነበሩ አንድ ፍሬ አልደረሳቸውም፤ ለሳምንት ያህልም ሰላምታቸው ቀዝቅዞብኝ ነበር። ከሰልፉ ግማሹ ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ለድግስ ጠርቶ ባዶ ሆድ መስደድ ካለመጥራት ይብሳል። የስለት ንፍሮ ባለቤቲቱ ሳትቀምሰው አይሆንም ይባላል፤ እኔ ደግሞ አልቀመስኩም። በመዝገብ ግን ወስጃለሁ።

የሚቀጥለው እሑድ ትዕግሥትን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሳሏ ቀለል ብሎላት ነበር፤ ጨርሶ ግን አልተዋትም። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተጋባን ጀምሮ ቤታችንን የሚባርኩ እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድንጋዩን፣ ሰልፉን፣ ካርዱን፣ ማኅተሙን፣ ባቄላ ቆጠራውን ነገርኳቸው። የትዕግሥትን ስም ሰዉ እንዴት እንደተቀባበለው ግን አልነገርኳቸውም። ስለ ራሴ ልጅ ምርቃት ማውራት ትምክህት መሰለኝ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ሰሙኝ።

«ጎረቤቶችሽ አልደረሳቸውም?»

«አልደረሳቸውም አባቴ።»

«አንቺስ?»

«አልቀመስኩም።»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ስለቱ ደርሷል» አሉ።

እኔ ከቄስ ጋር አልከራከርም። የልጅ ነገር ሆኖብኝ ግን ደፈርኩ። «አባቴ፣ ያ ሁሉ ሰው ሳይቀምስ ተመልሶ እንዴት ይደርሳል?»

«ሳይቀምስ ተመለሰ እንጂ ሳይመርቅ አልተመለሰም። ማዕዘኑን የታጠፈው ሁሉ ትዕግሥት ትደግ እያለ ነው የተበተነው። ከዚህ የበለጠ ጎረቤት ከየት ትሰበስቢያለሽ?»

ደስ አለኝ። ሸክሜ ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩና ቆምኩ።

«አባቴ፣ ይህን አልነገርኩዎትም።»

ቄሱ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። የተስተካከለ ነበር። የሚገባ ሰው ያለ ይመስል ወደ በሩ አዩ። የሚገባ ሰው አልነበረም።

«ስኳር ነው ብለውኝ ነበር» አሉ።

መስቀላቸውን ዘረጉልኝና ተሳለምኩ። ወደ ትዕግሥት ዝቅ አሉ፤ ግንባሯን በመስቀሉ ነክተው «እደጊ» አሏት። ትዕግሥት በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረቋት መስሏት አሜን አለች። ሁለተኛቸው መሆኑን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።